የሰፈር የቀጥታ ሙዚቃ ፕሮጀክት ሲዘጋ፦ ከውሳኔው እስከ ማኅተሙ

«ፕሮጀክቱን ልንዘጋው ነው፤ ከየት እንጀምር?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። መመሪያው ሙዚቀኞችን በሰፈር ደረጃ ለሚደግፉ ትንንሽ ፕሮጀክቶች ነው፦ በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት የቀጥታ ሙዚቃ ለሚያዘጋጁ፣ መሣሪያ ለሚያውሱ፣ የልምምድ ቦታ ለሚሰጡ፣ የሙዚቀኛውን ክፍያ ከመግቢያና ከለጋሽ ገንዘብ አሰባስበው ለሚከፍሉ። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባ ናቸው። በክልል ከተሞች የቢሮው ስም ይለያይ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ማኅተሙ ከተመለሰ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጻፍም፤ የባንክ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ያልተመነዘረ ቼክ ይዞ የሚመጣ ሙዚቀኛ ገንዘቡን አያገኝም፤ የፕሮጀክቱ ሲም ካርድ ከጠፋ የዩቲዩብ ቻናሉ አብሮ ይጠፋል። ሥራው በሙሉ አራት ወር ያህል ይወስዳል። በሁለት ወር ጨርሰናል የሚሉ ብዙውን ጊዜ የጨረሱት ምሽቶቹን ነው፤ ወረቀቱ ገና ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፕሮጀክቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀትና ከለጋሾች ጋር የተፈረሙ ውሎች በሙሉ
- ያለፉት 12 ወራት የባንክ መግለጫና የቴሌብር ዝርዝር
- የፕሮግራም መዝገብ (በየትኛው ቀን ማን ተጫወተ የሚለው)፤ ከሌለ የፖስተሮቹ ፎቶ
- የንብረት መዝገብና የውሰት ውሎች
- ሦስት ቀለም የኤሌክትሪክ ቴፕ (አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ) እና የማይለቅ ማርከር
- መሥራቱ የተረጋገጠ አንድ ማይክራፎንና አንድ ኬብል
- ሁለት አዳዲስ ሃርድ ዲስክ
- የደረሰኝ ጥራዝ፣ የማኅተም ቀለም፣ ቢያንስ 50 የራስጌ ወረቀት
- የፕሮጀክቱ ስልክ፣ ሲም ካርዱና የሁሉም አካውንቶች የይለፍ ቃል

1. ገንዘቡን ቁጠሩ

መጀመሪያ በባንክ ካለው ገንዘብ ላይ የእናንተ ያልሆነውን ለዩ። ለጋሽ ለተወሰነ ሥራ የሰጠውና ያልዋለ ገንዘብ፣ ለሚመጣ ምሽት የተሸጠ ቲኬት፣ ለሙዚቀኞች ተብሎ በሽልማት ሳጥን የተሰበሰበ ብር የእናንተ አይደሉም። በሌላ ወረቀት ጻፏቸውና ቀንሱ።

ከቀሪው ላይ የመዝጊያ ወጪውን አስሉ፦ የሠራተኛ ስንብት፣ ለሙዚቀኞች የቀረ ክፍያ፣ የአዳራሽና የመጋዘን ኪራይ እስከ መጨረሻው ቀን፣ የኦዲተር ክፍያ፣ የመጨረሻው ምሽት ወጪ፣ የትራንስፖርት። በጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ለድንገተኛ ጨምሩ። መጋዘን ውስጥ ስለተበላሸ ስፒከሩ የሚጠይቅ ያዋሳችሁ ሰው ወይም የረሳችሁት የማተሚያ ቤት ቢል መምጣቱ አይቀርም።

በእጃችሁ ያለው ከሦስት እስከ አራት ወር የሚሆን መደበኛ ወጪ ሲደርስ ውሳኔውን አታዘግዩ። «አንድ ለጋሽ ተስፋ ሰጥቶናል» እየተባለ ካዝናው ባዶ እስኪሆን የተጠበቀ ፕሮጀክት ሲዘጋ ዕዳው የሚወድቀው ሙዚቀኛው ላይ ነው። አዳራሹና ማተሚያ ቤቱ ውል አላቸው፤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ያለው የቃል ስምምነት ነው።

2. ቀኑን ምረጡ

የመጨረሻውን ምሽት በዐቢይ ጾም ውስጥ አታድርጉ። በጾሙ 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ብዙ የምሽት ቤቶችም ሙዚቃ ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ። ለብዙ ሙዚቀኛ በዚያ ወቅት የእናንተ ምሽት ዋና ገቢው ሊሆን ይችላል። ሐምሌና ነሐሴም ያው ነው፤ ክረምት ነው፣ ፍልሰታ አለች፣ ሠርግ ይቀንሳል።

የሚሻለው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የሠርጉ ወቅት ስለሚጀምር ሙዚቀኛው ከእናንተ የሚያጣውን በከፊል ያካክሳል። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ በግንቦት ምሽቶቹን አቁማችሁ በሰኔ መዝገቡን ከዘጋችሁ ለሐምሌ 1 አዲስ ዓመት ሌላ የሒሳብ መዝገብና ሌላ ኦዲት አይከተላችሁም።

ቀኑ ከተወሰነ በኋላ አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ ውሰት፣ አዲስ ተለማማጅ አትቀበሉ። ከመዝጊያው በኋላ የሚውል ቀጠሮ የሰጣችሁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሰርዙለት።

3. ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ኮሚቴ ሰይሙ

ውሳኔውን ማሳለፍ ያለበት ደንባችሁ ላይ ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤው። ሥራ አስኪያጁና ሰብሳቢው ተስማምተው የጻፉት ደብዳቤ ባንክም አይቀበለው፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትም አይቀበለው።

ቃለ ጉባኤው ላይ አምስት ነገር መግባት አለበት፦ የመዝጊያው ቀን፣ ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የአጣሪ ኮሚቴው አባላት ሙሉ ስም፣ በባንክ የሚፈርሙት ሰዎች፣ ከዕዳ የተረፈው ገንዘብና ንብረት ለማን እንደሚተላለፍ። የመጨረሻው ነጥብ ከተረሳ ጉባኤውን እንደገና መጥራት ይመጣል። ምሽቶቹ ከቆሙ በኋላ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ጭንቅ ነው።

ለኮሚቴው ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንድ ለገንዘብ፣ አንድ ለንብረት፣ አንድ ለሙዚቀኞች። ሦስተኛው ሙዚቀኞቹ የሚያምኑት፣ ቢቻል ራሱ ሙዚቀኛ የሆነ ሰው ይሁን።

4. ለሙዚቀኞች የቀረውን ክፍያ አጣሩ

በዚህ ደረጃ አትቸኩሉ። ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ስም፣ የተጫወተበት ቀን፣ የተስማማበት ክፍያ፣ የተከፈለው፣ የቀረው፣ የተከፈለበት መንገድ። የፕሮግራም መዝገቡን በአንድ እጅ፣ የባንክና የቴሌብር ዝርዝሩን በሌላው ይዛችሁ ምሽት በምሽት አመሳክሩ። መዝገብ ያልያዛችሁበት ምሽት ካለ ፖስተሩን ወይም የቴሌግራም ማስታወቂያውን ፈልጉ።

ሦስት ቦታ ላይ ስሕተት ይበዛል፦

ሀ. ባንድ። ክፍያውን ለባንዱ መሪ ሰጥታችሁ ከሆነ ድራመሩና ቤዝ ተጫዋቹ ደርሷቸዋል ማለት አይደለም። የባንዱን አባላት አንድ በአንድ ጠይቁ። መሪው ወስዶ ካላካፈለ ዕዳው የእሱ ነው፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ብታውቁት ማስማማት ትችላላችሁ። ከተዘጋ በኋላ የሚወቀሰው የእናንተ ስም ነው።

ለ. ቀብድ። ለምሽቱ ቀብድ ተሰጥቶ ዝግጅቱ በመብራት መጥፋት ወይም በዝናብ የቀረ እንደሆነ ቀብዱን አታስመልሱ። ሙዚቀኛው ቀኑን ለእናንተ ይዞ ሌላ ሥራ ትቷል። መዝገብ ላይ «የተሰረዘ፣ ቀብድ የተተወ» ብላችሁ ዝጉት፤ አለበለዚያ ኦዲተሩ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ይለዋል።

ሐ. የቴሌብር ቁጥር። ክፍያ የተላከበት ቁጥር በሙዚቀኛው ስም ላይሆን ይችላል፤ በእኅት፣ በሚስት፣ በጓደኛ ስም የወጣ ሲም ብዙ ነው። ከመላካችሁ በፊት ስልኩ ላይ የሚወጣውን ስም ለባለቤቱ አንብባችሁ አረጋግጡ፣ የግብይት ቁጥሩንም ሠንጠረዡ ላይ ጻፉ።

ከዚያ፣ ሠራተኞቻችሁ ከተነገራቸው በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ደውሉ። መዝገባችሁ የሚለውን ቀን በቀን አንብቡለትና የእሱን አዳምጡ። ለአንድ ትልቅ ሰው የሚደረገው ጥሪ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ከፕሮጀክቱ ነው የምደውለው። ሥራውን በግንቦት መጨረሻ ልናቆም ነውና ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኛው እንንገርዎ ብለን ነው። መዝገባችን የጥር 9 እና የጥር 16 አልተከፈለዎትም ይላል። ልክ ነው? የቀረ ሌላ ቀን አለ? ገንዘቡን እስከ ሚያዝያ 30 እንከፍላለን። በእጅዎ ያለው የእኛ ክራር ጉዳይ ደግሞ ለብቻው እንነጋገራለን።»

ገንዘቡንና መሣሪያውን በአንድ ጥሪ አታያይዙ። «ክራሩን ስትመልስ ይከፈልሃል» ማለት የሠራበትን ደመወዝ መያዣ ማድረግ ነው፤ ወሬው በአንድ ቀን ይዳረሳል፣ ሌሎቹም መሣሪያ መመለስ ያቆማሉ።

አለመግባባት ከተነሣና ማስረጃ ከሌላችሁ፣ ልዩነቱ የአንድ ምሽት ክፍያ ከሆነ ክፈሉ። ለእንዲህ ያለው ነው 15 በመቶው። ሲከፈል ደረሰኝ ይፈረም፤ ደረሰኙ ላይ «ከፕሮጀክቱ የምፈልገው ቀሪ ክፍያ የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኑርበት። ከክፍያው ግብር ተቀንሶ ከነበረም የተቀነሰበትን ደረሰኝ ስጡት።

5. በተራ ተናገሩ

ቅደም ተከተሉ፦ ሠራተኞች፣ ሙዚቀኞች፣ የአዳራሹ ባለቤትና ለጋሾች፣ ከዚያ ሕዝቡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከአንድ ሳምንት አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር አይቆይም። ሙዚቀኛው የሥራውን መቋረጥ ከፌስቡክ ገጽ ካነበበ አራተኛው ደረጃ ላይ የሠራችሁት ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ለሕዝብ የሚወጣው ማስታወቂያ አጭር ይሁን፦

«ፕሮጀክታችን ግንቦት 24 የመጨረሻውን ምሽት አዘጋጅቶ ሥራውን ያጠናቅቃል። የተገዙ ቲኬቶች እስከዚያው ቀን ያገለግላሉ። ከፕሮጀክቱ ቀሪ ክፍያ ወይም ንብረት አለኝ የሚል እስከ ሰኔ 15 በዚህ ስልክ ያሳውቀን።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አታስቀሩ። የይገባኛል ጥያቄ የሚቀርብበት ቀን አስቀድሞ ካልታወቀ የመዝጊያ ሒሳቡን በእርግጠኝነት መፈረም አትችሉም። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ፣ ለጋሹ ለምን እንደተወ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍ።

6. ሠራተኞች

ደመወዝተኛ ካላችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታችኋል። ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ (በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ)፣ በዚያ ላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል።

በቁጥር እንየው። ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ በወር 9,000 ብር የሚከፈለው የድምፅ ባለሙያ የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት 3,000 እና 3,000፣ በድምሩ 15,000። በዚያ ላይ 60 ጊዜ 300፣ ማለትም 18,000። ጠቅላላ 33,000 ብር። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለ ለብቻው ይሰላል። ብዙ ሰው «የአንድ ወር ደመወዝ እንሰጠዋለን» ብሎ ስለሚያስብ በጀቱ የሚፈርሰው እዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር ጊዜ ልኩ ነው። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም። የጡረታ መዋጮ (11 በመቶ ከአሠሪ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛ) እስከ መጨረሻው ወር መግባቱን አረጋግጡ፤ የጎደለ ወር ካለ የሚጎዳው ሠራተኛው ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚጠየቅ ድርጅት የለም። ስሌቱን ከመክፈላችሁ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

7. መሣሪያውን ሰብስቡ፣ ፈትሹ፣ አስረክቡ

ከመጨረሻው ምሽት በፊት ሁለት ሳምንት ሲቀር የተዋሰው ሁሉ መጋዘን ይግባ። ከመጨረሻው ምሽት በኋላ የሚመለስ መሣሪያ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ለዩ። እያንዳንዱ ዕቃ ከአራቱ በአንዱ ይመደባል፦ በራሳችሁ ገንዘብ የተገዛ፣ በለጋሽ ገንዘብ የተገዛ፣ በግለሰብ በውሰት የመጣ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ። በለጋሽ ገንዘብ የተገዛውን ለማስተላለፍ የለጋሹን የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ ውሉ ላይ ሰፍሮ ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ወይም ስፒከር ያለ ጉምሩክ ፈቃድ አይሸጥም፣ አይሰጥም። ቀረጡን የሚጠየቀው ተቀባዩ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻው። ሁለት ሰው ለግማሽ ቀን ይበቃዋል። መሥራቱን የምታውቁትን አንድ ማይክራፎንና አንድ ኬብል ይዛችሁ ሚክሰሩን ከቻናል 1 ጀምሮ እያንዳንዱን ፈትሹ። ሁለት የማይታወቁ ነገሮች አብረው ከተፈተሹ የተበላሸው የቱ እንደሆነ አይለይም። ቻናሎቹ ሲያልቁ አንዱን ጤነኛ ቻናል ይዛችሁ ማይክራፎኖቹን ተራ በተራ፣ ከዚያ ኬብሎቹን። ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ከጃኩ አጠገብ ወዝወዝ አድርጉት፤ የሚንኮሻኮሸው እዚያ ተበጥሶ ነው፣ በብየዳ ይድናል። ኮንደንሰር ማይክራፎን (ከሚክሰሩ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ዓይነት) ድምፅ ካልሰጠ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት የሚክሰሩ 48 ቮልት (ፋንተም ፓወር) መብራቱን እዩ። ስፒከሩን በዝቅተኛ ድምፅ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

የሚሠራው አረንጓዴ ቴፕ፣ ጉድለት ያለው ቢጫ፣ የሞተው ቀይ። ቢጫው ላይ ጉድለቱን ጻፉበት፦ «ቻናል 7፣ ጌይኑ ሲዞር ይጮኻል»። «ትንሽ ችግር አለው» የሚል ጽሑፍ ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአሜሪካ በዘመድ ወይም በዳያስፖራ ማኅበር የተላከ ኪቦርድና አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ የ110–120 ቮልት ነው። እናንተ ጋ በትራንስፎርመር ሲሠራ ኖሮ ተቀባዩ በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካው በደቂቃ ይቃጠላል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ 220ን የማይቀበል ከሆነ በቀይ ማርከር «110 ብቻ» ብላችሁ ሶኬቱ ላይ ለጥፉ፣ ትራንስፎርመሩንም አብራችሁ ስጡ። የኪቦርድ አዳፕተር ከኪቦርዱ ጋር በገመድ ይታሰር፤ አንድ ሳጥን ውስጥ የተከማቹ አዳፕተሮች አንዳቸው በሌላው ቦታ ሲሰኩ ያው ውጤት ነው።

የባህል መሣሪያዎች። ማሲንቆና ክራር ተወጥረው መጋዘን አይቀመጡ፤ ጭራውንና ክሩን አላሉ። ቆዳው ከእርጥበት ይላላል፣ ከፀሐይና ከምድጃ አጠገብ ይሰነጠቃል። ከበሮ በቆዳው በኩል መሬት ላይ አይደፋ። ዋሽንት ሲያስቀምጡት የሚሰነጠቀው ከደረቅ ሙቀት ነው፤ በጨርቅ ጠቅልሉት። ባትሪ ያለበትን ሁሉ፣ በተለይ ገመድ አልባ ማይክራፎኖችን፣ ባትሪ አውጡ።

ለማን ይሰጥ? በእኛ አስተያየት ተዋሹ ሁለት ዓመት ሲጫወትበት የኖረን ክራር ነጥቆ ለመጋዘን ማስረከብ ትርጉም የለውም፤ ደንባችሁና ለጋሹ ከፈቀዱ በርክክብ ሰነድ ለተጫዋቹ ይተላለፍ። ትንንሽ ስፒከሮችና ማይክራፎኖች ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ይሆናሉ። የተሟላ የድምፅ መሣሪያ የሚያስቀምጥበትና የሚቆጣጠረው ሰው ላለው የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ወይም ለሌላ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ይሰጥ። ሚክሰሩን ለአንዱ፣ ስፒከሩን ለሌላው ካከፋፈላችሁ ሁለቱም ጋ ሥራ የሚሠራ ነገር አይኖርም።

የምትሸጡት ካለ በዱቤ አትሽጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ የሚሰበስብ ሰው የለም። የኮሚቴ አባል መግዛት ከፈለገ በታሸገ ፖስታ ከሌሎች ጋር ይወዳደር፣ ፖስታው ሲከፈት እሱ ኮሚቴው ውስጥ አይቀመጥ።

8. ቅጂዎቹን አስተካክሉ

በየምሽቱ የቀዳችሁት ድምፅና ምስል ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። የማን ነው? ቀድታችሁታልና የእናንተ ብቻ አይደለም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኙ (ተጫዋቹ ወይም ድምፃዊው) በክወናው ላይ፣ የዜማና የግጥም ደራሲው ደግሞ በድርሰቱ ላይ መብት አላቸው። የድምፃዊቷ ፈቃድ የሌላ ሰው ዜማ ላይ አይሠራም። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ «ያኔ ስንቀዳ ዝም ብላ ነበር» ፈቃድ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ፦

«በ…… ቀን በፕሮጀክቱ ምሽት የተጫወትኩት ቅጂ፦ ☐ ለእኔ ተሰጥቶ ከፕሮጀክቱ ይጥፋ ☐ ለእኔ ይሰጠኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውም ይቆይ ☐ ለጥናት ብቻ በቤተ መዛግብት ይቀመጥ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»

ያልፈረመውን ሰው ቅጂ ከኢንተርኔት አውርዱ። ዋናውን ለባለቤቱ እስክትሰጡ አቆዩት እንጂ ለሦስተኛ ወገን አትስጡ። በሕይወት የሌለ ሙዚቀኛ ካለ ቅጂው ለወራሾቹ ይሰጥ፤ ብዙ ቤተሰብ ሌላ የቀረለት ድምፅ ላይኖረው ይችላል።

የቦታ ስሌት፦ ባለ ሁለት ቻናል ዋቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ) ፋይል በ24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ባለ 16 ቻናል ቅጂ 8 ጊጋባይት ከፍ ይላል። ዋናውን ዋቭ አስቀምጡ፤ በኤምፒ3 ብቻ የተቀመጠ በኋላ ሊሻሻል አይችልም። ዲስኩን ፋት32 በሚባለው የዲስክ ፎርማት አታዘጋጁት፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ የረጅም ምሽት ቅጂ መሃል ላይ ይቋረጣል። የፋይሉ ስም ቀን፣ ተጫዋች፣ ዜማ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቤት። ከቀዳችሁ በኋላ ከእያንዳንዱ ምሽት አንድ ፋይል ከፍታችሁ መሃሉንና መጨረሻውን አዳምጡ።

በቤተ መዛግብት ለማስቀመጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጠየቅ ይቻላል። ስለ ተጫዋቹ፣ ስለ ቀኑና ስለ ፈቃዱ የተጻፈ ዝርዝር ሳትይዙ አትሂዱ።

9. ደብዳቤዎቹን ማኅተሙ ሳይመለስ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ሳይጠይቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስጡት፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ምሽት፣ የትኛውን መሣሪያ፣ በየትኛው አዳራሽ። ለውጭ ጉዞ ቪዛ ሲጠየቅ በሙዚቃ እንደሚተዳደር የሚያሳይ ወረቀት ይፈለጋል። ፖስተሮችንና የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ አባሪ አድርጉለት። ሁለት ዋና ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ኤምባሲ ቢቀር አንዱ በእጁ ይኑር። ደብዳቤው ላይ ለማረጋገጫ የሚደወልለት ሰው ስም ይኑር፤ የቢሮ ስልኩ ብቻ ከተጻፈና ስልኩ ካልተነሣ ደብዳቤው ሐሰተኛ ይመስላል።

በዚሁ ሳምንት የአዳራሹን ባለቤትና ሙዚቀኞቹን ፊት ለፊት አገናኙ። ለምሳሌ የሐሙስ ምሽቱን ባንዱ በራሱ መቀጠል የሚፈልግ ከሆነ ዋጋውን ራሳቸው ይነጋገሩ፤ እናንተ መሃል አትግቡ፣ ዋስም አትሁኑ። የስልክ ዝርዝር ለማንም ስትሰጡ የእያንዳንዱን ፈቃድ ጠይቁ። የማመልከቻ ፎርሞችንና የመታወቂያ ኮፒዎችን ቅደዱ፤ ከክፍያ ሰነድ ጋር የተያያዘው ብቻ ይቀራል።

10. የመጨረሻው ምሽት

በለመዱት አዳራሽ፣ በለመዱት ሰዓት፣ በሙሉ ክፍያ። «ለመሰናበቻ በነፃ ተጫወቱልን» አትበሉ፤ ገንዘቡን የመጀመሪያው ደረጃ በጀት ላይ ያስያዝነው ለዚህ ነው። ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ የስንብት ኮንሰርት ብዙ ጊዜ ሌላ ዕዳ ይጨምራል፤ ትልቅ አዳራሽ፣ ኪራይ ድምፅ፣ የሚታተም ባነር። ክፍያው በዚያው ሌሊት ይፈጸም።

11. መዝገብ፣ ግብር፣ ባለሥልጣን፣ ባንክ፣ ማኅተም

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገባችሁ የአገር ውስጥ ድርጅት ከሆናችሁ ቃለ ጉባኤውን ገና በጊዜ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አስገቡ፤ ንብረት ከመስጠታችሁም በፊት ጠይቁ። የተረፈ ገንዘብ ለአባላት አይከፋፈልም። የተለመደው ተራ ይህ ነው፦

ሀ. ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ የባንክ መግለጫ ማውጣት
ለ. የመጨረሻ የገቢ ግብርና የጡረታ ክፍያ ፈጽሞ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት) መጠየቅ
ሐ. ኦዲት
መ. ቀሪውን ንብረትና ገንዘብ በርክክብ ማስተላለፍ
ሠ. የባንክ ሒሳቡን መዝጋት፤ ፈራሚዎቹ ሁሉ መቅረብ ሊኖርባቸው ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ፈራሚ ካለ ቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ቀይሩት
ረ. የማጠቃለያ ሪፖርት፣ ምስክር ወረቀትና ማኅተም መመለስ

ክሊራንስ በአንድ ቀን አይገኝም። ያልቀረበ የባዶ ወር ግብር ማስታወቂያ እንኳ መዝገቡን ይይዘዋል፤ ምንም ያልሠራችሁበት ወር ቢሆንም ማስታወቅ ነበረባችሁ። የሒሳብ ሰነዶቹን ለ10 ዓመት በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ማን ቤት እንዳሉም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ያልተመዘገበ የሰፈር ስብስብ ከሆናችሁ ከባለሥልጣኑ ጋር ጉዳይ የላችሁም። ሒሳቡን ግን ሁሉም በተሰበሰበበት አንብቡ፣ ከመዋጮ የተረፈውን ምን እንደምታደርጉ ወስኑ፣ ሁሉም ይፈርም።

12. ስልኩና ገጾቹ

የዩቲዩብ፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ አካውንቶች የሚከፈቱት በፕሮጀክቱ ስልክ በሚመጣ ኮድ ከሆነ ሲሙን አትጣሉት። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያ ሰው ኮዱን ሲቀበል ቻናላችሁም የእሱ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ የመመለሻ ቁጥሩንና ኢሜይሉን ወደ ተመደበው ሰው ቀይሩ፣ ከሌላ ስልክ ገብታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ በኋላ ሲሙ ይተው። በቻናሉ የሚገኝ ገቢ ካለ ያቋርጡት፤ ተቀባይ ድርጅት በሌለበት የሚገባ ብር ለጠብ ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- ውሳኔው ሳይጻፍ ለሙዚቀኞች መናገር። ከወር በኋላ ቦርዱ «እንቀጥል» ይላል፣ ያን ጊዜ ማንም አያምናችሁም።
- የመጋዘን ኪራይን ከመጨረሻው ምሽት ጋር ማቋረጥ። ርክክብ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ መሣሪያው ሰው ሳሎን ገብቶ ይቀራል።
- ኦዲተሩን በመጨረሻው ወር መፈለግ። በሰኔና በሐምሌ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ በመጋቢት ተዋዋሉ።
- የርክክብ ሰነድ ላይ «ልዩ ልዩ ኬብሎች» ብሎ መጻፍ። ዓይነት፣ ርዝመት፣ ብዛትና የቴፕ ቀለም ይጻፍ።
- ስልኩን የሚያነሣ ሰው አለመመደብ። ለአንድ ዓመት አንድ ሰው ይመደብ፣ የካርድ ወጪውም ሒሳቡ ሳይዘጋ ይሰጠው። የሚደወልለት በአብዛኛው ለደብዳቤ ማረጋገጫ ስለሆነ የሁሉም ደብዳቤዎች ኮፒ በእጁ ይኑር።